ርካሽ የካምፕ ቢላ ጥንካሬው እንዴት ይፈተናል?

ዩቲዩብ ላይ «የቢላ ፈተና» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቢላ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ፣ ኮንክሪት ሲወጋበት፣ ሞርሳ ላይ ታስሮ እስኪሰበር ሲታጠፍ ነው። ማየቱ ያጓጓል፤ ለገዢው የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ካምፕ ወጥቶ ኮንክሪት የሚወጋ የለም። ርካሽ ቢላ ባለቤቱን የሚያሳዝነው ከወገቡ ተሰብሮ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ዶልድሞ፣ ስለቱ ተሸርፎ ወይም እጀታው መነቃነቅ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ፈተናውም ከዚያው መጀመር አለበት፤ መጀመሪያ ስለቱ፣ ቀጥሎ እንጨት መፍለጡ፣ ከዚያ ዝገቱና እጀታው። መስበር ካስፈለገ የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም የተሰበረ ቢላ ሌላ ምንም አይፈተንበትም።

እዚህ ለምሳሌ የምንይዘው ሞራክኒቭ የተባለው የስዊድን ድርጅት የሚሠራውን «ኮምፓኒየን» የሚባለውን ቢላ ነው። አሜሪካ ውስጥ 20 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ሌሎች ርካሽ የካምፕ ቢላዎች ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩትም ከእሱ ጋር ነው። ስሙ ዳላርና በተባለው ግዛት ካለችው ከሞራ ከተማ የመጣ ነው። በአካባቢው ቢላ መሥራት የቆየ ሙያ ሲሆን፣ ፍሮስትስ የተባለው ፋብሪካ በ1891፣ ኬ. ዬ. ኤሪክሰን የተባለው ደግሞ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተቋቁመው በ2005 ተዋሕደዋል። የኮምፓኒየን ብረት 10.4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጀርባው 2.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚባለው ወንድሙ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ኋላ ስለ መታጠፍ ስናወራ ይፈለጋሉ።

የሚከተለው ሁሉ ግን ለሌላም ቢላ ይሠራል፤ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ ለሚሠሩት ካራም ጭምር።

«ጠንካራ» ሲባል ምኑ ነው ጠንካራ?

ቢላ አራት ዓይነት ጥንካሬ ይፈለግበታል። አንደኛው ጠጣርነት ነው፤ ብረቱ በሌላ ነገር አለመጫሩ፣ አለመሰርጎዱ። ስለቱ ቶሎ እንዳይዶለዱም የሚያደርገው በዋናነት ይህ ነው። ሁለተኛው ቻይነት ነው፤ ሲመታና ሲጠመዘዝ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይሸረፍ መቻሉ። ሦስተኛው ግትርነት፣ ማለትም ሲገፉት በቀላሉ አለመታጠፉ ነው። አራተኛው ዝገትን መቋቋሙ ነው።

ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብረው አለመሄዳቸው ነው። ድርቆሽ ለማጠፍ ቢሞክሩ ይሰበራል፤ እርጥብ እንጀራ ደግሞ እንደታጠፈ ይቀራል እንጂ አይሰበርም። ብረትም በጣም ሲጠጥር ወደ ድርቆሹ፣ በጣም ሲለዝብ ወደ እርጥቡ ይጠጋል። ጥሩ ቢላ ሠሪ የሚደክመው መሀሉን ለማግኘት ነው።

ጠጣርነት በቁጥር ይለካል። መለኪያው ሮክዌል ይባላል። ለቢላ የሚያገለግለው «ሲ» የተባለው እርከኑ ሲሆን፣ አሠራሩ የሾለ አልማዝ በብረቱ ላይ መጀመሪያ በ10 ኪሎ፣ ቀጥሎ በጠቅላላው በ150 ኪሎ ኃይል ጭኖ ምን ያህል ተጨማሪ እንደሰረጎደ ማየት ነው። ትንሽ ከሰረጎደ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የማይዝገው ኮምፓኒየን ከ56 እስከ 58 ባለው ውስጥ ነው፤ ካርቦን ብረት የሚባለው ዓይነቱ እስከ 60 ይደርሳል። በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ቢላ ለመሳል ቀላል ነው፣ ግን በየሰዓቱ መሳያ ያስፈልገዋል። ከ62 በላይ የሆነ ደግሞ ለካምፕ ሥራ ብዙ ጊዜ ተሸራፊ ነው።

ርካሽ ሆኖ እንዴት ጥሩ ይሆናል?

የቢላ ዋጋ በአብዛኛው የብረቱ ዋጋ አይደለም። የኮምፓኒየንን ስፋትና ውፍረት ይዞ ያሰላ ሰው ብረቱ ከ60 ግራም እንደማይበልጥ ያገኛል። ገንዘቡ የሚሄደው ለሥራው ነው። ርካሾቹ ቢላዎች ከላሜራ ጥቅል በማሽን ተቆርጠው ይወጣሉ፣ በማሽን ይሞረዳሉ፣ እጀታቸው ቀልጦ የሚፈስ ፕላስቲክ ሆኖ በብረቱ ጭራ ላይ በቅርጽ ይረጋል። ጭራ የምንለው ወደ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ክፍል ነው። ኮምፓኒየን ላይ ይህ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ አይዘልቅም፤ ዋጋው የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብረቱ ራሱ ርካሽ ስም የለውም። የማይዝገው ኮምፓኒየን ብረት 12ሲ27 የሚባል ሲሆን 0.6 በመቶ ካርቦን፣ 13.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ለረጅም ጊዜ ሳንድቪክ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሠራው ቆይቶ ከ2022 ጀምሮ አሌይማ በሚል ስም የተለየው ኩባንያ ይሠራዋል። ካርቦኑ ለመጠጠር፣ ክሮሚየሙ ላለመዛግ ነው።

ነገር ግን ከብረቱ ዓይነት ይልቅ የሚበልጠው እሳቱ ነው። ብረቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ እንደዚያው ቢተው ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በ200 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ይሞቅና ይለዝባል። አንዱ ፋብሪካ ሙቀቱን በትክክል ጠብቆ፣ ሌላው ቸኩሎ ቢሠራ፣ ከአንድ ጥቅል የወጡ ሁለት ቢላዎች ፈጽሞ የተለያዩ ይሆናሉ። በዓይን ግን ልዩነታቸው አይታይም። ቢላን መፈተን ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብረቱ ላይ «440» ብቻ ተጽፎበት የሚሸጥ ቢላ ካጋጠመ ጥንቃቄ ያሻል። 440 የብረት ዓይነት መለያ ሲሆን ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ይከፈላል፤ ካርቦኑ በኤ ከ0.60 እስከ 0.75፣ በሲ ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ ነው። ፊደሉን ያልጻፈ ሻጭ የትኛውን እንደሸጠ አልተናገረም። «ስቴይንለስ» የሚለው ቃል ብቻውን ደግሞ ስለ ስለቱ ዕድሜ ምንም አይልም፤ ማንኪያም ስቴይንለስ ነው።

ምንም ሳይጎዳ ምን ማየት ይቻላል?

ብዙ። ቢላውን ከማሸጊያው እንዳወጡት ጀርባውን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ከእጀታው ወደ ጫፉ ይመልከቱ፤ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ በሁለቱም ጎን የተሞረደውን ዘንበል ያለ ፊት ያነጻጽሩ። አንዱ ጎን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ከሆነ ስለቱ መሀል ላይ አይደለም፤ ሲቆርጥ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ከአምፖል ሥር ይያዙት። የተሳለ ስለት ብርሃን የሚያንጸባርቅ ፊት የለውም፤ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የሚያበራ ነጥብ ካለ እዚያ ጋ ዱልዱም ነው ወይም ተሸርፏል። በስለቱ ዳር ቡናማ ወይም ሰማያዊ ጥላ ከታየ የባሰ ነው፤ ሞራጁ ማሽን ብረቱን ከለዘበበት ሙቀት በላይ አግሎታል፣ ያ ቦታ ጠጣርነቱን አጥቷል ማለት ነው።

የጭራውን ርዝመት ለማወቅ እጀታውን መክፈት አያስፈልግም። ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት በእጀታው ላይ ቀስ ብለው ያንሸራትቱ፤ መሳቡን ያቆመበት ቦታ ጭራው ያለቀበት ነው። የእጀታው ፕላስቲክ በጣም ወፍራም ካልሆነ በደንብ ይሠራል። ከእጀታው እኩሌታ ያነሰ ጭራ ያለውን ቢላ እንጨት ባይፈልጡበት ይሻላል።

ጠጣርነትን በቤት ለመገመት የጠጣርነት ሞረዶች የሚባሉ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ 40፣ 45፣ 50፣ 55፣ 60 እና 65 ተብለው በስድስት ይሸጣሉ። ከ65ቱ ጀምረው ወደ ታች በመውረድ በእጀታው አጠገብ ባለው የስለት መነሻ ላይ በቀስታ ይሞክሩ። 60ው ቧጥጦ 55ቱ ከተንሸራተተ፣ ቢላው በሁለቱ መካከል ነው። በጀርባው ላይ መሞከር የሚያዋጣው ሙሉ ብረቱ እኩል ለጠጠረ ቢላ ብቻ ነው። ቀጥቃጭ የሠራው ካራ ከጋለ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለቱ ብቻ ለመቀዝቀዝ ስለሚነከር ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ያሳስታል።

ስለቱ ምን ያህል ይቆያል?

ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ፈተና ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው አይኤስኦ 8442-5 በተባለው ደረጃ መሠረት ነው። ማሽኑን የሠራው ሼፊልድ፣ እንግሊዝ የሚገኘው ካትራ የተባለው የቢላ ኢንዱስትሪ የምርምር ተቋም ነው። ቢላው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል፤ 5 በመቶ ሲሊካ፣ ማለትም እንደ አሸዋ ያለ ነገር፣ የተቀላቀለበት 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በ50 ኒውተን ተጭኖ በላዩ ላይ በ40 ሚሊ ሜትር ምልልስ ይሄዳል። 60 ጊዜ ይመላለሳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የቆረጡት ቢላው ሲጀምር ምን ያህል ስል እንደነበረ፣ የ60ው ድምር ደግሞ ስለቱ ምን ያህል እንደቆየ ይነግራሉ። ከዚህ የምንወስደው ትልቅ ነገር ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ነው፤ ከማሸጊያው ሲወጣ ጸጉር የሚላጭ ቢላ ለረጅም ጊዜ ስል ሆኖ ላይቆይ ይችላል።

በቤት ለመሥራት 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 5 ሜትር የቃጫ ገመድ፣ የሰው ክብደት የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ ለስላሳ የጣውላ ቁራጭና ማርከር ይበቃሉ። የወጥ ቤት ሚዛን አብዛኛው ከ5 ኪሎ በላይ ስለማይችል አያገለግልም። ካርቶን ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ግን ካርቶን ውስጥ ያለው አፈርና ሙጫ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሁለት ቢላዎችን ለማነጻጸር ቃጫ ይሻላል።

በቢላው ጎን ላይ በማርከር 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የስለት ክፍል ምልክት ያድርጉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቆርጠው ያ ክፍል ብቻ ነው። ጣውላውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ። ገመዱን ጣውላው ላይ አጋድመው ስለቱን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ብቻ ይጫኑ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሳብ የለም። መጋዝ እንደሚስቡ ከሳቡ፣ የሚለካው ቢላው ሳይሆን የእጅዎ እንቅስቃሴ ይሆናል። ገመዱ የተቆረጠበትን ከፍተኛ ኪሎ ሌላ ሰው ያንብብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁርጦች ጽፈው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ እየቆረጡ፣ በየአሥረኛው ቁርጥ ብቻ ኪሎውን ይመዝግቡ። 5 ሜትሩ 250 ቁርጥ ይሰጣል።

ኪሎው ከጀመረበት በግማሽ ሲጨምር ያቁሙ። በ10 ኪሎ የጀመረ 15 ሲደርስ ማለት ነው። እስከዚያ የቆረጠው ብዛት የስለቱ ዕድሜ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው ሌላ ቢላ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ጣውላ፣ በአንድ ሰው እጅ ሲፈተን ነው።

ውጤት የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። እርጥብ ገመድ ከደረቁ በተለየ ኃይል ይቆረጣል። ስለቱ ገመዱን ጨርሶ ጣውላው ውስጥ በገባ ቁጥር ተጨማሪ ድካም አለበት፤ ስለዚህ ጣውላውን በየጊዜው ፈቀቅ ያድርጉት፣ በአንድ ጎድጓዳ ላይ አይቁረጡ። እጅ ሲደክም አጫጫኑ ይዘማል፤ ያኔ ዕረፍት ያስፈልጋል። የተቀደደ ገመድና የተቆረጠ ገመድ አንድ አይደሉም፤ ቃጫው ጸጉር እያበጀ መቀደድ ከጀመረ ያንንም ይጻፉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ አንድ ጊዜ ከፋብሪካው በመጣው ስለት፣ ሁለት ጊዜ በራስዎ መሳያ ከሳሉት በኋላ። የፋብሪካው የመጀመሪያ ስለት ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። የማሽኑ ሙቀት እጅግ ቀጭኑን ዳር አለዝቦት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሞረዱ የተወው እንደ ክር የቀጠነ ብረት ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና በጥቂት ቁርጥ ይወድቃል። ከአንድ ሁለት ስሎች በኋላ ጤነኛው ብረት ይወጣና ያው ቢላ የተለየ ቢላ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ፈትኖ ርካሽ ቢላ የጣለ ሰው፣ የጣለው የመሞረጃውን ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ስለቱ ተጎዳ። ታጥፎ ነው ወይስ ተሸርፎ?

ሁለቱም «ዶለዶመ» ይባላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ተቃራኒ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙና በአምፖል ሥር ስለቱን ቀስ ብለው ያዟዙሩት። የታጠፈ ስለት ያልተቋረጠ፣ ወደ አንድ ወገን የዘመመ ብሩህ መስመር ያሳያል። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ከብረቱ ወጣ እንደማድረግ ሲያንሸራትቱት በአንዱ ጎን ለስልሶ ይወጣል፣ በሌላው ጎን ይይዘዋል። የተሸረፈ ስለት ግን የጨረቃ ግማሽ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድባዎች አሉት፤ ውስጣቸው ግራጫና እህል የመሰለ ነው። ጥጥ ቢያስነኩት ይይዘዋል።

መታጠፍ ብረቱ ለስላሳ መሆኑን ወይም ስለቱ ከመጠን በላይ ቀጭን መሆኑን ያመለክታል። መሸረፍ ደግሞ ብረቱ መድረቁን፣ ወይም አጥንት፣ አሸዋና ድንጋይ መንካቱን። ብረቱንና ቅርጹን ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ኮምፓኒየን እንደ ብዙዎቹ የስካንዲኔቪያ ቢላዎች ከጎኑ በቀጥታ ተዳፍቶ እስከ ስለቱ የሚወርድ አንድ ፊት ብቻ አለው፤ የሁለቱ ጎን ድምር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ይህ ለእንጨት ሥራ በጣም ስል ነው፣ ለምት ግን ቀጭን። ስለዚህ መሳያ ድንጋዩ ላይ ቢላውን ከተለመደው 5 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገው በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ጊዜ በጣም በለሆሳስ ይሳሉት። በዓይን የማይታይ ሌላ ጠባብ ፊት ይፈጠራል። ከዚያ ያንኑ ፈተና ይድገሙ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የቅርጽ ነበር፤ ቢላው ጤነኛ ነው። አሁንም የሚታጠፍ ወይም የሚሸረፍ ከሆነ ጥፋቱ የእሳቱ ነው፤ ያንን ቤት ውስጥ ማስተካከል አይቻልም።

እንጨት በቢላ መፍለጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ወሰን አለው። የሚሠራው ስለቱን በእንጨቱ ራስ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በሌላ እንጨት በመምታት ነው። መጥረቢያ በሌለበት ደረቅ የውስጥ እንጨት ለማውጣት የሚጠቅም ዘዴ ነው።

የእንጨቱ ውፍረት ከቢላው ርዝመት በግልጽ ማነስ አለበት። 10.4 ሴንቲ ሜትር ላለው ቢላ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ይበቃዋል፤ ስለቱ ከሰመጠ በኋላ የሚመታ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ይተርፋል። መምቻው የእጅ አንጓ የሚያህል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ደረቅ እንጨት ነው። ብረት መዶሻና ድንጋይ ፈጽሞ አይሆኑም፤ ጀርባውን ይሰነጥቃሉ ወይም ያንኮታኩታሉ፣ ስንጣሪውም ዓይን ውስጥ ይገባል። መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ከተቀመጡም ቢላው በጭኖችዎ መካከል እንዳይሆን።

ጫፉን በእንጨቱ አጠገብ ይምቱ። እጀታውን ወደ ታች አይጫኑ፤ ብዙ ቢላ የሚሰበረው እዚህ ነው። ጫፉ ሲመታ እጀታው ከተጫነ፣ ኃይሉ ሁሉ ብረቱ ወደ እጀታው በሚገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። አጭር ጭራ ያለው ቢላ ይህንን አይችልም። ቢላው ከተጣበቀ ከመጠምዘዝ ይልቅ ከእንጨት የተሠራ ሽብልቅ በስንጥቁ አስገብተው ያላቁት።

ቀጥ ብሎ የሚፈለጥ እንጨት ይምረጡ። ጽድ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ቋጠሮ ያለው ወይራ ግን ለዚህ ዓይነት ቢላ ከባድ ነው። አምስት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ፈልጠው ይቁሙ፤ ስለቱን በመነጽር፣ ቀጥታነቱን በዓይን፣ በእጀታውና በብረቱ መካከል ክፍተት መፈጠሩን በጥፍር ይመርምሩ። ከዚያ አምስት ይጨምሩ። አሥሩን ያለ ጉዳት የጨረሰ ርካሽ ቢላ ለካምፕ በቂ ነው። ቋጠሮ ያለው እንጨት የሚሞክር ሰው ቢላውን ሊያጣ እንደሚችል አውቆ ይግባበት።

ይህንን ፈተና በግቢዎ ውስጥ ያድርጉት። እንግሊዝ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ ጀርመንም ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ የማይታጠፍ ስለት ያለ ተቀባይነት ያለው ምክንያት መያዝ ትከለክላለች። ለፈተና ነው ብሎ በከተማ መናፈሻ ማውጣት ጣጣ ያመጣል።

ቢታጠፍስ? ጫፉስ?

የአሜሪካ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አባላቱን የሚፈትንበት የታወቀ ፈተና አለ፤ ቢላው የተንጠለጠለ ባለ አንድ ኢንች ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ወፍራም ጣውላ ሁለት ጊዜ ይበጥሳል፣ ከዚያ አሁንም ጸጉር መላጨት አለበት፣ በመጨረሻም ሞርሳ ላይ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። የቪዲዮዎቹ መታጠፍ መነሻው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ያ ቀጥቃጩ ስለቱን አጠጥሮ ጀርባውን ማለዘብ መቻሉን ለማየት የተዘጋጀ የሙያ ፈተና ነው። ሙሉው እኩል በጠጠረ የፋብሪካ ቢላ ላይ 90 ዲግሪ መጠየቅ ልክ አይደለም።

ሌላም ስሕተት አለ። ለማጠፍ ብዙ ጉልበት የጠየቀ ቢላ «ብረቱ ጥሩ ነው» ይባላል። ግትርነት ግን ከእሳቱም ሆነ ከብረቱ ጥራት ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም፤ የጠጠረውም ያልጠጠረውም ብረት ለመጀመሪያው መታጠፍ የሚጠይቁት ጉልበት አንድ ያህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ውፍረቱ ነው፣ ያውም በሦስተኛ ኃይሉ። 3.2ን ለ2.5 ቢያካፍሉት 1.28 ነው፤ 1.28 ሲባዛ በ1.28 ሲባዛ በ1.28 ደግሞ 2.1 ገደማ ይሆናል። ሄቪ ዲዩቲ የተባለው 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ወፍሮ ከወንድሙ ሁለት እጥፍ የሚገትረው ለዚህ ነው። የእሳቱ ጥራት የሚታየው በመመለሱ ነው። የጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር በሁለት ጣውላዎች መካከል ሞርሳ ላይ አስረው ወደ ሁለቱም ጎን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ገፍተው ይልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ አልፏል። እንደታጠፈ ከቀረ ለስላሳ ነው። ከተሰበረ መልሱ ግልጽ ነው፤ መነጽርና ጓንት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ለጫፉ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ለስላሳ እንጨት ውስጥ ወግተው ወደ ጎን ፈልቅቀው ያውጡት፤ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ጫፍ በሁሉም ቢላ ላይ ደካማው ቦታ ስለሆነ ከዚያ በላይ መግፋት ስለ ቢላው የሚጨምረው እውቀት የለም።

ዝገቱ፣ ቅዝቃዜውና እጀታው

ለዝገት በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው ያሟሙ። ቢላውን በሳሙና አጥበው የፋብሪካ ዘይቱን ያስለቅቁ፤ ይህ ከተረሳ የሚፈተነው ዘይቱ ነው። ጨርቅ በጨው ውኃው ነክረው የብረቱን እኩሌታ ጠቅልለው ለ24 ሰዓት ይተዉት። የማይዝገው ኮምፓኒየን ቢበዛ ጥቂት የሚጠረጉ ነጥቦች ሊያሳይ ይችላል። የካርቦኑ ግን በሰዓታት ውስጥ ቀይ ይሆናል፤ ጥፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። እዚያ የሚታየው ዝገቱ በጨርቅና በዘይት ይለቅ እንደሆነ ወይም ብረቱን ቀዳድቶት እንደሆነ ነው። ሎሚ ወይም ሽንኩርት ሲቆርጥ የሚይዘው ግራጫ ቀለም ደግሞ ከቀዩ ዝገት የተለየ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይከላከልለታል። ብዙ ሰው የማያየው ብረቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ ነው፤ ውኃ እዚያ ከቆየ ጭራው በውስጥ ይበላል። የሰገባውን ሥርም ይመልከቱ፤ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው እርጥብ ቢላ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ኩሬ ውስጥ ያድራል።

ቅዝቃዜ ለፕላስቲክ እጀታ እውነተኛ ጠላት ነው። አንዳንድ ርካሽ ፕላስቲኮች ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ተሰባሪ ይሆናሉ። ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊት እዚያ የሚደርስ ብርድ አለ። ቢላውን ሌሊቱን ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አሳድረው ጠዋት እንደወጣ እጀታውን በእንጨት ደጋግመው ይምቱት፤ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ብረትና ፕላስቲክ እኩል ስለማይሰፉና ስለማይጨማደዱ፣ በደንብ ያልተጣበቀ እጀታ እዚህ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ብረቱን በጨርቅ ይዘው እጀታውን ሲወዘውዙት ይንቀሳቀሳል።

አንድ ቢላ ቢያልፍ ሌላውም ያልፋል?

አይባልም። በጅምላ የሚሠራ ቢላ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በርካሾቹ ዘንድ ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ ቢላ ሰብሮ ሞዴሉን ሁሉ የሚያወግዝ ወይም የሚያወድስ ቪዲዮ ያየው ያንን አንዱን ነው። ቢላው ርካሽ በመሆኑ ግን አንድ ጥቅም አለ፤ ሁለት ገዝቶ አንዱን እስከ መጨረሻው መፈተን፣ ሌላውን ለሥራ ማስቀረት ይቻላል። ሁለቱ በገመዱ ፈተና የተቀራረበ ቁጥር ከሰጡ ፋብሪካው እሳቱን ይጠብቃል ማለት ነው። ቁጥራቸው ከተራራቀ የሚቀጥለውን መገመት አይቻልም።

የትኛው ጉድለት ይታለፋል፣ የትኛው ቢላውን ያስጥላል?

ያልተስተካከለ ፊት፣ ዱልዱም የፋብሪካ ስለት፣ ትንሽ የተጎነበሰ ጫፍ፣ የላይ ዝገት፤ እነዚህ ሁሉ በመሳያ ድንጋይና በትዕግሥት ይስተካከላሉ። ከሦስት ስል በኋላም የሚታጠፍ ለስላሳ ስለት ለወጥ ቤት ያገለግላል፣ ለካምፕ ግን አይበቃም። በስለቱ ላይ ወደ ጀርባ የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ፣ ፀጉር ቢያህልም እንኳ ቢላው አብቅቷል፤ በሚቀጥለው ምት ሊለያይ ይችላል።

የሚነቃነቅ እጀታ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ጭራው እስከ መጨረሻ የሚዘልቅና በምስማር የታሰረ ከሆነ ምስማሩን ማጥበቅ ወይም ኢፖክሲ በተባለው ጠንካራ ሙጫ ማጣበቅ ይቻላል። በቅርጽ የረጋ ፕላስቲክ ግን አንዴ ከላላ ሙጫ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም፤ ከላይ የፈሰሰው ሙጫ ንቅናቄውን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አያጠብቀውም። ቢላው ሲገፋ ብረቱ እጀታው ውስጥ ከዞረ የሚቆረጠው የያዘው እጅ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቢላ ለሌላ ሰው መስጠትም አይገባም፤ ስለቱን ድንጋይ ላይ አደልድሎ፣ በካርቶን ጠቅልሎ መጣል ነው።